የታጠበው ካሴት

በእኛ አገር ፎቶ የሚነሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይታጠባል። ሕፃን ልጅም ይሁን፣ የበዓል በግም ይሁን፣ ወንበርም ይሁን፣ ሳይታጠብ ካሜራ ፊት አይቀርብም። ሥራ ስጀምር የወሰድኩት ሥልጠና ስለ ብርሃን፣ ስለ ቀለም ካርድና ስለ ፋይል ዓይነት ብዙ አስተምሮኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቃል አልነበረውም። እንዲያውም የመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ዕቃው እንደተገኘ ይነሳ ይላል። አቧራው ሳይቀር ታሪክ ነው ተብለናል።

ሥራዬ የድሮ ዕቃዎችንና ድምፆችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ሰበታ ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሰዎች ያላቸውን ያሳዩናል፤ እኛም ዕቃውን ፎቶ እናነሳለን፣ ካሴቱን እንገለብጣለን፣ ሽማግሌዎቹን እንቀርጻለን። አንድ ቀን ሙዚየም እንሆናለን ብለን ነው፤ ለጊዜው ቋሚ ጎብኚያችን የወፍጮ ቤቱ ድመት ናት። ወፍጮው ሲሠራ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የምንቀርጸው መብራት ሲጠፋ ነው፤ መቅረጫችን በባትሪ ይሠራል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኛ ፎቅ ላይ ሆነን ተመስገን እንላለን።

ሦስት ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ከፉሪ እየተመላለስኩ የምሠራ፣ በታክሲ ሰልፍ ብዛት ጠባዬ የተበላሸ ሴት። ሁለተኛው የድምፅ ባለሙያችን ነው። እሱ ቀድሞ የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ኖሮ፣ ሙሽሮች ሰለቹኝ ብሎ ወደ እኛ የመጣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሦስተኛው አለቃችን ነው፤ እሱ «መስፈርቱ» ሲል አራተኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። መስፈርቱ አይፈቅድም፣ መስፈርቱን እንጠይቀው፣ መስፈርቱ ምን ይለናል። አንድ ፋይል ስሙ «የመጨረሻ» ተብሎ፣ ከጎኑ ደግሞ «የእውነት የመጨረሻ» የሚባል ሌላ ፋይል ያገኘ ቀን ምሳ አልበላም።

ከመስፈርቱ ሕጎች አንዱ የሁሉም ነገር ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱም ከከተማው ውጭ ይቀመጥ የሚል ነው። ሦስተኛው ቅጂ ያለው ሱሉልታ፣ አክስቴ ቤት፣ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ነው። አክስቴ ሃርድ ዲስኩን ዳንቴል አልብሳዋለች። እንግዳ ሲጠይቃት የመንግሥት ዕቃ ነው ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቡፌው አይጠጋም። አለቃችን ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ውጭ አገርም የለም ይላል።

ወደ መታጠቡ ልመለስ። ሱሉልታ ያሉ አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን የፈረስ ኮርቻ ሊያሳዩን ቃል ሰጥተው ነበር። በዋዜማው ደውዬ «ነገ ለፎቶ እንመጣለን» አልኳቸው። ደርሰን በኦሮምኛ አከም ጅርቱ ኦቦ፣ ፈያዳ ተባብለን ስንገባ ኮርቻው በር ላይ ተሰይሟል፤ በጫማ ቀለም ተወልውሎ ፊታችንን ያሳየን ነበር። አለቃችን አንጀቱ እያረረ ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ አባቴ በቆሻሻ ኮርቻ ተቀምጦ አያውቅም፣ ሰው ምን ይለኛል አሉት። ሰበታ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ጥንታዊ በርጩማቸውን ለክብራችን ብለው ቫርኒሽ ቀብተው ጠበቁን። ቫርኒሹ ገና ስላልደረቀ የድምፅ ባለሙያችን የቀኝ እጁን ምልክት ለታሪክ ትቶበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ «ፎቶ» የሚለውን ቃል በስልክ አልናገርም፤ እንዲያው ለሰላምታ ብቅ እንላለን ብዬ ነው የምሄደው።

ባለካሴቷ ግን እኔ ሳልደውልላት በራሷ እግር መጣች። ከቡራዩ አልፎ በገፈርሳ መንገድ ላይ የባህር ዛፍ አጣና የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ከመጋዝ በላይ መጮህ ስለለመደች ቢሮ ውስጥም ድምጿን አትቀንስም። በዕድሜ ብዙም አንራራቅም። መጀመሪያ «እርስዎ» ብላት አንቱታውን ለአማቴ አቆዪው ብላ ከለከለችኝ። ወሩ ኅዳር ነበር። ከቦርሳዋ ነጭ ፎጣ አወጣች፤ ፎጣውን ስትፈታው አንድ ካሴት ብቅ አለ። ገና ከፋብሪካ የወጣ እንጂ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳጥን ውስጥ የኖረ አይመስልም።

«ሻግቶብኝ ነበር፤ ለእናንተ እንዲህ ሆኖ ይምጣ ወይ ብዬ አፍሬ አጠብኩት» አለች፣ ደስ እያላት። በሳሙና ውሃ ዘፍዝፋ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅላ ነው ያደረቀችው። አለቃችን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ካሴቱ ላይ ያለው የአባቷ ድምፅ ነው። በራሷ ሠርግ ቀን፣ ከቤት ልትወጣ ስትል አባቷ የመረቋት ምርቃት። አባቷ ያረፉት የመጀመሪያ ልጇ ገና ስትድህ ነው። አሁን ያቺው ልጅ በጥር ልታገባ ነው፤ እናትየዋም ልጄ በአያቷ ምርቃት ካልሆነ ከቤቴ አትወጣም ብላለች። ቴፑ ከተበላሸባት ወዲህ ካሴቱን ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁ ይኑር አይኑር የምታውቀው ነገር የለም። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ አልወደደውም። የሞተ ሰው ድምፅ ድንኳን ውስጥ ከተሰማ ሴቱ ሁሉ ያለቅሳል፣ ሠርጉን ለቅሶ ልታደርጊው ነው ወይ ብሏታል። ከእኛ ጋር የተዋዋለችው በአጭሩ ነው፤ ድምፁን ካወጣችሁ ካሴቱ ለሙዚየማችሁ ይሁን አለች።

እሷ ስትወጣ አለቃችን መስፈርቱን ከመደርደሪያ አወረደ። ስለ ሻጋታ፣ ስለ አቧራና ስለ ጎርፍ ሁሉ የሚል ነገር አለው፤ ስለ ጥርስ ብሩሽ ግን አይልም። እንግዲህ በራሳችን ብልሃት ገባንበት። ቡሎኖቹን ፈትተን ክሩን ከፕላስቲክ ልባሱ ለየነው፤ ወፍጮው የሚያቦንነው ዱቄት እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አቆየነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ወደ ሌላ ካሴት ልባስ አዛወርነው። ከዚያ በእርሳስ ቀስ እያልን አጠነጠንነው። ልጅ ሆኜ ባትሪ ለመቆጠብ ካሴት በእርሳስ ያጠነጠንኩት ሁሉ ለዚህ ቀን ኖሯል አልኩ። የድምፅ ባለሙያችን ማጫወቻውን ተጫነ።

መጀመሪያ የተሰማው ጄኔሬተር ነው። ሠርጉ ላይ መብራት ስላልነበረ ጄኔሬተር ተከራይተው ኖሯል፤ ቴፑንም ከጎኑ ነው ያስቀመጡት። ዱም ዱም ዱም እያለ ይጮሃል። ቀጥሎ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቆጣ ብሎ፣ «ኧረ ይሄን ሞተር ወዲያ አርቁልኝ፤ እግዜር አይሰማኝም» አለ። ሦስታችንም በሳቅ ወደቅን። ሞተሩን ማንም አላራቀላቸውም፤ እሳቸው ግን መርቀው ጨረሱ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ልክ ቡራዩ ውስጥ ሰው እንደሚያወራው።

እንዳለ የተገለበጠው ድምፅ ማስተር ይባላል፤ እሱን ማንም አይነካውም። ለሰው የሚሰማው ሌላ ቅጂ ነው፤ መስፈርቱ ይህ ቅጂ ጥርት ያለ ይሁን ይላል። የድምፅ ባለሙያችን ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቶ ሰነበተ፤ ጄኔሬተሩን ከሥሩ ነቀለው። ጨርሶ ሲጠራን «ቀሽት ሆኗል» አለ፤ እውነቱንም ነው። ሽማግሌው እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመው የሚናገሩ እስኪመስል ድረስ ጠርቷል። አለቃችን እጁን አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ በዚያው ሰዓት ደወልኩላት።

መጥታ ማዳመጫውን አደረገች። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ሳቀችም፣ እንባዋም መጣ። እኛም ፊቷን እያየን ኮራን። ከዚያ ቀስ በቀስ ግንባሯ ተቋጠረ። አንዴ ወደ ኮምፒውተሩ፣ አንዴ ወደ እኛ አየች፤ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሰዎቹ የት ሄዱ? አባቴ ባዶ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የመረቀው?»

ድምፁን መልሰን ከፈትነው። ሽማግሌው «የወጣሽበት ደጅ ይባረክ» ይሉና ያርፋሉ፤ ዝም ነው። «የምትገቢበት ደጅ ይባረክ» ይላሉ፤ ዝም ነው። ሽማግሌው ከመቅረጫው አጠገብ ስለነበሩ ድምፃቸው ተርፏል፤ ከሩቅ አሜን ያለው ሕዝብ ግን ከጄኔሬተሩ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር ኮምፒውተሩ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ጠራርጎታል። ምርቃት ደግሞ አሜን ካልተባለበት ምኑን ምርቃት ነው? እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ከሠለጠንን ሦስት ሰዎች አንዳችንም ያንን አልሰማንም ነበር።

ማስተሩን ከፈትንላት። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ፈገግ አለች። ከጄኔሬተሩ ኋላ የሕዝቡ አሜን ሲመጣ ግን ከወንበሯ ተነሳች። ቀጭኗ ድምፅ የአክስቷ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት ነው፤ በአጥር ከአባቷ ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ለካ መጥቶ አሜን ብሏል፣ ታርቀው ኖሯል እንጂ አለች። ይህን እስከዚያ ቀን አታውቅም። እየደጋገመች አሰማችን፤ እኔም ማን የት ላይ አሜን እንዳለ እየጠየቅኩ ከፋይሉ መግለጫ ጋር አሰፈርኩት። ሥራዬን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ችግሩ ሠርጉ ነው። ማስተሩ በማዳመጫ ሲሰማ ልብ ይነካል፤ በሞንታርቦ ስፒከር ሲለቀቅ ግን ሌላ ነው። የድምፅ ባለሙያችን የሠርጉን ስፒከር ግቢዋ ውስጥ ተክሎ ሞከረው። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ፤ ጎረቤት አጥር ላይ ወጣ። ታላቅ ወንድሟ ከቤት ብቅ ብሎ ሠርግ ነው ወይስ የጭነት መኪና ልትጠግኑ ነው ሲል ጠየቀ። የጠራውን ቅጂ ስንለቅለት ደግሞ ሳቁ ጠፋ። የአባቱ ድምፅ ባዶው ግቢ ውስጥ ይመርቃል፣ ያርፋል፣ ማንም አይመልስም። ፊቱን ወደ አጣናው ክምር አዙሮ ይሄ ከመቃብር የመጣ ነው የሚመስለው፣ ይቅርባችሁ አለ።

የድምፅ ባለሙያችን አሜኖቹን ከሞተሩ ለመለየት ያልሞከረው ነገር የለም። አልሆነም። በመጨረሻ የሠርግ ቪዲዮ ዘመኑ ትዝ ብሎት፣ እኛው ሦስታችን ከወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ሆነን አሜን እንበልና ቀርጸን እናስገባበት አለ። አለቃችን በመቃብሬ ላይ ነው አለ። ለአንድ ጊዜ እኔም ከመስፈርቱ ጎን ቆሜ ጮህኩበት። ሰው ያላለውን አሜን ማስገባት ውሸት ነው፤ ዛሬ አሜን ከጨመርን ነገ ምን እንጨምራለን? ነገሩን ለባለካሴቷ ስንነግራት ግን የእሷ መልስ ከእኛ ሁሉ አጠረ።

«የአባቴን ምርቃት በኪራይ አሜን?»

በሠርጉ ዋዜማ ደወለችልኝ። ከኋላዋ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች ይንጫጫሉ። የጠራውን ልቀቁት አለችኝ። ወንድሟ እንደተኮሳተረ ነው፤ ሰው ካለቀሰ ተጠያቂዋ እሷ ናት። እንደፈራች ከድምጿ ያስታውቃል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ከፉሪ እስከ ቡራዩ በታክሲ ስሄድ ባይሳካስ እያልኩ ጥፍሬን በላሁ። አንድ ሰው ልጅሽ ታማ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሙሽሮቹ ለመውጣት ተዘጋጅተው ድንኳኑ መሃል ቆሙ። የሙሽራው ወገኖች በአንድ በኩል፣ የእሷ ወገኖች በሌላ በኩል ናቸው። የድምፅ ባለሙያችን ከስፒከሩ ጋር፣ እኔ መቅረጫዬን ይዤ ከምሰሶው ጋር ተለጠፍን። ባለካሴቷ አባቴ ሊመርቅ ነው ብቻ አለችና ወደ እኛ ጠቀሰች።

«የወጣሽበት ደጅ ይባረክ» አለ ድምፁ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ያ የፈራነው ዝምታ መጣ። ወንድሟ መሬት መሬቱን ያያል፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ የድምፅ ባለሙያችን ለማጥፋት እጁን ሰደደ። በዚህ መሃል ከወዲያኛው ጥግ የሙሽራው አያት፣ ሟቹን በሕይወታቸው አይተው የማያውቁ ሽማግሌ፣ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው «አሜን» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ምርቃት ሰምተው ዝም ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሉት የኖሩትን ነው ያሉት።

«የምትገቢበት ደጅ ይባረክ» ሲል ድምፁ፣ አሁን የአሜኑ ቁጥር በዛ። በሦስተኛው ድንኳኑ ሁሉ አለ። ክፍተቶቹ ለካ ልካችን ነበሩ፤ ሰው አሜን ሊልባቸው የቀሩ ናቸውና አንዱም አላጠረብንም፣ አንዱም አልረዘመብንም። የካሴቱ ሽማግሌ ያርፋሉ፣ እኛ እንላለን፤ እንላለን፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። ወደ ኦሮምኛው ሲሻገሩ የሚችለው በኦሮምኛ መለሰ፣ የማይችለውም አሜኑን አልተወም። ነጠላዋን ያነሳችው ሴት ነጠላዋን ትታ እልል አለች። ወንድሟን አየሁት፤ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር አሜን የሚለው። እኔ መቅረጫ የያዘ ሰው ድምፅ አያሰማም የሚለውን ሕግ ረስቼ አብሬ እጮሃለሁ።

በመጨረሻው ላይ ሽማግሌው ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ወልደሽ ሳሚ፤ የልጅሽን ሠርግ ለማየት ያብቃሽ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ድምፁ አለቀ፤ ስፒከሩ ዝም አለ። ሰው ሙሽሮቹን ለማጀብ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባለካሴቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ ለብቻዋ፣ በዚያ በመጋዝ በሰለጠነ ጉሮሮዋ «አሜን» አለች። ሕዝቡ ዞር ብሎ ሳቀ፤ እልልታውም ቀለጠ። ሙሽራዋ ተመልሳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃለች። ምነው ዘገየሽ ብዬ ቀለድኩባት።

«ያን ቀን እኮ ሙሽራ ነበርኩ» አለች። «በእኔ ጊዜ ሙሽራ አፏን አትከፍትም። ሰው ሁሉ ለአባቴ አሜን ሲል እኔ ብቻ አላልኩለትም።»

የድንኳኑ ቀረጻ አሁን ከማስተሩና ከጠራው ቅጂ ጎን ሦስተኛ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። አለቃችን የዚህን ቀረጻ ለሰው የሚሰማ ቅጂ ሲያሰናዳ፣ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የምትሰማው ድምፅ ከምርቃቱ ውጭ ናት፣ ትቆረጥ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። እሷን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው አልኩት።